የጥርስና የድድ ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ጥርሱን የታመመ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ምን ዓይነት ማስታገሻ መዋጥ እንዳለበት ነው። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚሹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው፣ ከተቀሰቀሰ በኋላ ምን ያህል ይቆያል፣ ታማሚውስ የሚያመውን ጥርስ በጣቱ ለይቶ ማሳየት ይችላል? የጥርስ ሐኪምም ራጅ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው፤ ምክንያቱም በአፍ ውስጥ የሕመሙ መጠንና የጉዳቱ መጠን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ለቅጽበት የሚወጋ ጥርስ ችግሩ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ድንገት ዝም ያለ ጥርስ ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ የሞተ ነው።

ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው የሚጠርስ ጥርስ

ሕመሙ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጎምዛዛ ነገር ሲነካው ብቻ ብልጭ ብሎ በጥቂት ሰከንዶች የሚጠፋ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጋለጠው ዴንቲን ነው። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ነርቭ ስለሌለው አያምም፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ወደ ነርቩ የሚያመሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች የሞሉበት ነው። ድድ ሲሸሽ በኢናሜል ያልተሸፈነው የጥርስ ሥር ገሃድ ይወጣል፤ ድድን ከሚያሸሹት ነገሮች አንዱ ደግሞ ጥርስን በጠንካራ ብሩሽ በኃይል መፈተግ ነው። አዲስ የገዙት ብሩሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸጉሩ ወዲህና ወዲያ ከተንጨፈረረ፣ እጅዎ እንደሚከብድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ፤ ፖታሲየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት፣ ለሚጠርስ ጥርስ የተዘጋጀ ሳሙና ጠዋትና ማታ ይጠቀሙ። እንዲህ ያለው ሳሙና ውጤቱ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይተዉት። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጡ፤ ሲጉመጠመጡ ጥርሱ ላይ ሊቆይ የሚገባው ፍሎራይድ ታጥቦ ይሄዳል። ኢናሜል የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ስለሚጀምር፣ ጎምዛዛ ነገር እንደበሉ ወይም እንደጠጡ ወዲያው መቦረሽ የለሰለሰውን ሽፋን መፋቅ ይሆናል፤ አፍዎን በንጹሕ ውኃ ተጉመጥምጠው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ።

የሚጠርሰው አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ ግን ሳሙና መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። እዚያ ጥርስ ላይ የተቦረቦረ ቦታ፣ ስንጥቅ ወይም ጠርዙ የለቀቀ ሙሌት ሊኖር ስለሚችል መታየት አለበት። በቅርቡ የተሞላ ጥርስ ለጥቂት ቀናት ቢጠርስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሲነክሱ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚገጥምዎ ከሆነ ግን ሙሌቱ ከፍ ብሏልና ተመልሰው ያስተካክሉት።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም

የቀዘቀዘው ወይም የሞቀው ነገር ከአፍ ከወጣ በኋላም ሕመሙ ለደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ያለ ምንም ቀስቃሽ በራሱ የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም ጋደም ሲሉ የሚብስ ከሆነ፣ ጉዳቱ ዴንቲንን አልፎ በጥርሱ መሃል ወዳለው ነርቭና ደም ሥር ደርሷል ማለት ነው። ሌላ የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ማበጫ ቦታ አለው፤ ይህ ለስላሳ ሥጋ ግን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ መስፋፊያ የለውም፤ እያንዳንዱ የልብ ምት እንደ መዶሻ የሚሰማውም ስለዚህ ነው። በዚህ ደረጃ ታማሚው ሕመሙ ከላይ ይሁን ከታች መለየት እንኳ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ማስሞላት ብቻውን አይበቃም፤ ያለው አማራጭ የጥርስ ሥር ሕክምና (የተጎዳውን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን አጽድቶ መሙላት) ወይም ማስነቀል ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው ግን ከዚህ ቀጥሎ በሚመጣው ጸጥታ ነው። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል፤ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጥርሱ ሲነክሱበት «ረዝሞ» የሚሰማ ይሆናል፣ ወይም ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ መግል ያፈሳል። ያኔ አንቲባዮቲክ ብቻውን ወስዶ መገላገል አይቻልም፤ የሞተው ነርቭ የደም ዝውውር ስለሌለው መድኃኒቱ የችግሩ ምንጭ ጋ አይደርስም። እብጠቱ ይቀንስና ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ፣ የሚከለክል የጤና ችግር ከሌለብዎት፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በታዘዘው መጠን መውሰድና ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ግን ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ ሕመሙን አያስታግስም፤ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከቶ አይሰጥም። ፊት ካበጠና ትኩሳት ከተጨመረበት፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከዘለቀ፣ የጥርስ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የጥርስ የሚመስል ሁሉም ሕመም ከጥርስ አይመጣም። ከጉንፋን ጋር የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች በጅምላ ከታመሙና ጎንበስ ሲሉ ከባሰ፣ ብዙ ጊዜ የተቆጣው ከእነሱ በላይ ያለው ሳይነስ (በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ አየር የሞላው ክፍተት) ነው። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲሮጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚጠፋ የታችኛው መንጋጋ ሕመም ደግሞ ከልብ ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ መታለፍ የለበትም።

ሲቦርሹ የሚደማ ድድ

ብሩሹ ላይ ደም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ያንን ቦታ መቦረሹን ይተዋል፤ ይህ ችግሩን የሚያባብስ ውሳኔ ነው። ጠዋት ከመቦረሽዎ በፊት በጥፍርዎ የጥርስዎን ሥር ከድዱ ጠርዝ አጠገብ ቀስ ብለው ይፋቁት፤ ነጣ ያለና የሚያጣብቅ ነገር ጥፍርዎ ላይ ይቀራል። ይህ ፕላክ የሚባለው የባክቴሪያ ክምችት ነው፤ ድዱ የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚደማው ለእሱ በሚሰጠው ምላሽ ነው። ለስላሳውን ብሩሽ ወደ ድዱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ገደማ አዘንብለው በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ይቦርሹ፤ ብሩሽ የማይደርስበትን የጥርሶች መካከል በጥርስ ክር ያጽዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድማቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን እየቀነሰ መሄድ አለበት።

ካልቀነሰ ፕላኩ ከምራቅ በሚገኙ ማዕድናት ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል ማለት ነው፤ ታርታር ይባላል፤ ይህንን የሚያነሳ ብሩሽ ስለሌለ ጥርስ ማሳጠብ የግድ ይሆናል። «ከታጠብኩ በኋላ ጥርሴ ሳሳ፣ በመካከሉም ክፍተት ተፈጠረ» የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ይሰማል። ክፍተቱ ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ የተከማቸው ታርታር ሞልቶት ስለነበር አልታየም፤ ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ደግሞ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። እጥበቱን የፈራ ሰው የሚያጣው ከዚህ የከፋ ነው፤ ብግነቱ ከድድ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ከጀመረ የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ጥርሱም መነቃነቅ ይጀምራል።

ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ድዳቸው ስላልደማ ብቻ ደኅና ነው ብለው መደምደም የለባቸውም፤ ማጨስ የድድን የደም ዝውውር ስለሚቀንስ ምልክቱን ይደብቃል። የስኳር በሽታ በደንብ ካልተቆጣጠሩት የድድ በሽታን ያባብሳል፤ የድድ በሽታውም በተራው የስኳሩን ቁጥጥር ያከብዳል። በእርግዝና ወቅት በሆርሞን ለውጥ ድድ ቶሎ መድማቱ የተለመደ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት መታከም የለባትም የሚለው ግን ስሕተት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህንኑ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ።

መጥፎ የአፍ ሽታ

አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ሆድ ሳይሆን አፍ ነው፤ በተለይም የምላስ የኋለኛው ክፍልና የታመመ ድድ። ምላስን በየቀኑ ከኋላ ወደ ፊት ማጽዳት፣ የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ማስሞላትና ውኃ መጠጣት ብዙውን ይፈታዋል። አፍ ማጠቢያው ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ከመሸፈን ብዙም አያልፍም።

በሕፃናት ጥርስ ላይ የሚታይ ነጭ መስመር

ሕፃኑን ጭንቅላቱ ወደ እርስዎ፣ እግሩ ወደ ፊት ሆኖ ጭንዎ ላይ አስተኙትና የላይኛውን ከንፈሩን በጣትዎ ከፍ ያድርጉት። ከድዱ አጠገብ በፊት ጥርሶቹ ላይ እንደ ኖራ የነጣና የማያብረቀርቅ መስመር ካዩ፣ መበስበስ መጀመሩ ነው። በዚህ ደረጃ ሊመለስ ይችላል፤ ወደ ቡናማነት ተለውጦ መሰርጎድ ከጀመረ በኋላ ግን አይመለስም። ዋናው ምክንያት ወተት ወይም ጣፋጭ መጠጥ የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ መተኛቱ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳሩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን እንደከበበ ያድራል። ለመኝታ የሚሰጠው ጡጦ ውኃ ብቻ ይሁን፤ የጥርስ ሐኪምም ፍሎራይድ እንዲቀባው ያድርጉ።

መቦረሽ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጥርስ እንደበቀለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ገደማ። እስከ 3 ዓመት ድረስ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። ልጁ ብሩሹን ራሱ መያዝ ቢወድም እስከ 7 ዓመት ገደማ ቢያንስ የማታውን ወላጅ ይጨርስለት።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ መውደቁ አይቀርም» የሚለውን ክርክር ፈጽሞ አልቀበልም። ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች ውስጥ የኋለኞቹ መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት የሚቆዩ ናቸው፤ ያለጊዜያቸው ከወጡ አጎራባቾቻቸው ወደ ክፍተቱ ያዘነብሉና ለቋሚው ጥርስ መውጫ ያሳጡታል።

ሌላው በወላጆች ዓይን የማይገባው 6 ዓመት ገደማ የሚወጣው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው። ምንም የወተት ጥርስ ሳይወድቅ ከሁሉም ጀርባ ስለሚበቅል እሱም የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል፤ ጥልቅ ስንጥቆች ስላሉትም ቶሎ ይበሰብሳል። ሐኪሙ ስንጥቆቹን ሲላንት በሚባል ስስ ሽፋን ሊዘጋቸው ይችላል፤ አያምም፣ መሰርሰርም የለበትም።

በዚያው ዕድሜ የታችኛው ቋሚ የፊት ጥርስ ከወተቱ ጥርስ ኋላ በቅሎ ሁለት ረድፍ ሲሠራ ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። የወተቱ ጥርስ እየተነቃነቀ ከሆነ ልጁ በምላሱ እንዲገፋው ይተዉት፤ ሲወድቅ ምላሱ አዲሱን ወደ ፊት ያመጣዋል። በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ግን ይታይ።

ጥርስ በሚያወጣ ሕፃን ላይ ለሐጭ መብዛትና የተገኘውን መንከስ የተለመደ ነው፤ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን የጥርስ ማውጣት ምልክቶች ስላልሆኑ ሌላ በሽታ መፈለግ አለበት። ቤንዞኬይን ያለበት ማደንዘዣ ጄል ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይቀባም፤ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ሊያዳክም ይችላል።

በአደጋ የወለቀ ጥርስ

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ደርቀው ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆዩ የመዳን ዕድላቸው እጅግ ይመነምናል። ጥርሱን ነጩን ጫፍ ይዘው ያንሱት፤ ሥሩን አይንኩት፣ አይፈትጉት። ከቆሸሸ በቀዝቃዛ ውኃ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ አለቅልቀው፣ ፊቱን በትክክል አዙረው ወደ ጎድጓዳው መልሰው ይክተቱትና ንጹሕ ጨርቅ ያስነክሱት። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ በውኃ ውስጥ ማቆየትም ሆነ በደረቅ ሶፍት መጠቅለል ሕዋሳቱን ይገድላል።

የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሶ መትከል አይገባም፤ ከሥሩ እያደገ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። የወለቀው ጥርስ ጨርሶ ከጠፋና ልጁ እያሳለ ወይም ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ፣ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፤ ሐኪሙ የደረት ራጅ እንዲያነሳም ጥርሱ እንዳልተገኘ ይንገሩት።