ወረርሽኝ ሲከሰት የአነስተኛ ንግድ ባለቤት እፎይታ የሚጠይቀው እንዴት ነው?

ገበያው እንደቀነሰ በመጀመሪያ የሚደረገው የየዕለቱን ሽያጭ በቀን መመዝገብ ነው፤ በቀን 200 እንጀራ ይሸጥ የነበረ ቤት ወደ 70 መውረዱን የሚያሳይ አንድ ገጽ ደብተር ከረጅም ማመልከቻ የበለጠ ያስረዳል።

ብድር ካለብዎት የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ወደ አበዳሪው ተቋም ይሂዱና የክፍያው ጊዜ እንዲራዘምልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በሚራዘመው ጊዜ ወለድ ይታሰብ እንደሆነም ሳያረጋግጡ አይፈርሙ፣ ብዙዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። ማመልከቻዎን ገቢ ያደረጉበትን ቀንና ማኅተም የያዘ ቅጂ ያስቀሩ። ኪራይ እንዲቀነስልዎት ከአከራይዎ ጋር ከተስማሙም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

የግብር እፎይታ ሲታወጅ ሰነድ ያለው ይቀድማል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መንግሥት እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረውን ውዝፍ የግብር ዕዳ ሲሰርዝ፣ ሥራቸው ተቀዛቅዞም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል የቀጠሉ ድርጅቶችን ደግሞ ለ4 ወራት ከሥራ ግብር (ከሠራተኞች ደመወዝ ተቀንሶ ለመንግሥት ከሚገባው ግብር) ክፍያ ነፃ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞችዎ 2 ብቻ ቢሆኑም በየወሩ የሚፈርሙበት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ከዛሬ ጀምሮ ያዘጋጁ።