ሴል ሲከፈል በሽንኩርት ሥር ላይ በዓይናችሁ ለማየት

ማይቶሲስን (አንድ ሴል ለሁለት የሚከፈልበትን ሂደት) ከሥዕል ሸምድዳችሁ ብቻ እንዳታልፉ፣ እኔ ደሴ ሆኜ ባንድ ራስ ሽንኩርት አይቸዋለሁ፣ እናንተም ታዩታላችሁ።

ከሰኞ ገበያ ደህና ቀይ ሽንኩርት ግዙና የደረቀውን ሥር በምላጭ አንሱለት፣ ከዛ ቂጡ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሙቀቱ ያግዛችኋል፣ የደሴን ብርድ ግን ታውቁታላችሁ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አድርጉት እንጂ በሁለተኛው ቀን አላበቀለም ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሥሩ 2 ሴንቲ ገደማ ሲሆን ይበቃል።

ስትቆርጡ ታዲያ ጫፉን 2 ሚሊሜትር ብቻ!! ሴሉ የሚከፈለው እዛች ጋ ነው፣ ከፍ ብሎ ያለው መከፈሉን ትቶ እየረዘመ ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብትፈልጉ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚሸከሙት ክሮች) አታገኙበትም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጫፏን 1 እጅ አሴቲክ አሲድ በ3 እጅ አልኮል ውስጥ አሳድሯት፣ ሴሎቹ የነበሩበት ላይ እንዳሉ ይቆማሉ። ቀጥሎ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ (ይሄን ላብ ውስጥ፣ መምህር ባለበት፣ ጓንት አድርጋችሁ)፣ አሲዱ ሴሎቹን እርስ በርስ ያጣበቀውን ያላላዋል። በውሃ አጥባችሁ የመስተዋት ስላይድ ላይ አድርጓትና አሴቶካርሚን (ክሮሞዞምን የሚያቀላ ቀለም) ጠብ አድርጉባት፣ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስተዋት) ደርቡ፣ በሶፍት ሸፍናችሁ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ተበላሸ።

በ400 እጥፍ ስታዩ አብዛኛው ሴል ድቡልቡል ኒውክለስ ብቻ ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ። መሃል ላይ የተሰለፉ ክሮች ካያችሁ ሜታፌዝ፣ ለሁለት ተጎትተው ሲራራቁ አናፌዝ ነው። ሽንኩርት 16 ክሮሞዞም አለው፣ ወደየጫፉም 16 16 ይሄዳል። ከዛ መሃሉ ላይ አዲስ ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሠራል፣ የኛ ሴል ግን ግድግዳ ስለሌለው አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ቀለበት ሠርተው ወገቡን እንደ ከረጢት አፍ ያጠብቁታል።

ይሄን ሁሉ የሚያስጀምረው ሲዲኬ1 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ብቻውን ግን አይሠራም፣ ሳይክሊን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ተጠራቅሞ ሲያያዘው ነው የሚነሳው፣ ሳይክሊኑ ሲፈርስ ደግሞ ሴሉ ከክፍፍል ይወጣል። በ1987 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊው ሳይንቲስት የፖል ነርስ ላብ ይሄንኑ ሲዲኬ1 የሚሠራውን የሰው ጂን ወስዶ የራሱ ለተበላሸበት እርሾ ቢሰጠው እርሾው መከፈል ቻለ፣ እኔን እስካሁን የሚደንቀኝ ይሄ ነው!

ያገኛችሁትን ሞባይላችሁን ማይክሮስኮፑ ላይ አስጠግታችሁ ወዲያው ፎቶ አንሱት፣ ስላይዱ ቶሎ ይደርቃል።