ዘመዳችሁ መተንፈሻ ማሽን ላይ ነው? ሳንባውና የመተንፈሻ ጡንቻው እንዳይጎዳ እንዲህ አግዙ

ጥቁር አንበሳም ሆነ ዘውዲቱ፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ የተቀመጠ አስታማሚ ሥራው መጠበቅ ብቻ ይመስለዋል። ማዘዣ ተቀብሎ ወደ ፋርማሲ መሮጥ፣ መመለስ፣ ደግሞ መጠበቅ። ከዚህ በላይ ማገዝ ግን ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንተነፍስ ዲያፍራም የሚባለው፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ አየር ተስቦ ይገባል። ማሽኑ ደግሞ አየሩን በግፊት ያስገባል። ግፊቱ ከበዛ ሳንባው ከልክ በላይ ተለጥጦ ይቆስላል። ማሽኑ ሁሉን ነገር ከሠራ ደግሞ ዲያፍራሙ ሥራ ፈትቶ ይመነምናል። «ማሽኑ ይሥራለት፣ እሱ ይረፍ» የሚለው የዘመድ ምኞት ግማሹ ብቻ ነው ልክ።

ማሽኑን ግን በፍጹም አትንኩ። እሱ የባለሙያዎቹ ነው።

1. ቁመቱን ንገሯቸው

ክብደቱን አይደለም፣ ቁመቱን። ማሽኑ የሚሰጠው የአየር መጠን የሚሰላው በቁመት ነው፤ ሰው ቢወፍር ሳንባው አይሰፋም። 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ በቀመሩ 66 ኪሎ ተብሎ ይሰላል፤ 95 ኪሎ ቢመዝንም ያው ነው። በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ በአንድ ትንፋሽ ወደ 400 ሚሊ ሊትር አየር ይሰጠዋል፤ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያነሰ ማለት ነው። በ95 ኪሎው ቢሰላ 570 ይሆን ነበር። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት በኪሎ 12 እና 6 ሚሊ ሊትር ሲያነጻጽር፣ ሳንባቸው ክፉኛ ከተጎዳ 100 ሰዎች የሟቾቹ ቁጥር ከ40 ገደማ ወደ 31 ወርዷል። የአባታችሁን ቁመት በቁጥር ባታውቁትም «ከእኔ ትንሽ ያጥራል» ማለት ይረዳል። ተኝቶም ቢሆን ከራስ እስከ ተረከዝ በሜትር ይለካል።

2. ስለ ግፊቱ ጠይቁ፣ 100 አትጠብቁ

ዶክተሮቹ ራውንድ ሲጨርሱ «የሳንባው ግፊት ዛሬ እንዴት ነው?» በሉ። ፕላቶ ፕሬዠር የሚሉት ቁጥር ከ30 እንዳያልፍ ይጥራሉ። የኦክስጅኑ ቁጥር 93 ሆነ ብላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። 100 ለማድረስ ብሎ ኦክስጅን ማብዛትም የራሱ ጉዳት አለው።

3. ሲቀሰቅሱት አትቃወሙ

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ላይ የማስተኛ መድኃኒቱን ሲቀንሱ ዘመድ «ምናለ ቢተኛ?» ይላል። ግን ዲያፍራም ለመድከም ሳምንት አይጠብቅም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በማሽን ብቻ ይተነፍሱ የነበሩ ሰዎችን ጡንቻ ሲመረምር፣ ከ18 እስከ 69 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክሮቹ ከግማሽ በላይ ቀጥነው ተገኝተዋል። ትንሽ ነቅቶ የራሱን ትንፋሽ ሲሞክር ጡንቻው ሥራ ያገኛል።

ሲነቃ ያስለዋል፤ እጁን በአፉ ወደ ገባው የመተንፈሻ ቱቦ ይሰዳል። እጁን ያዙት። «ሆስፒታል ነህ፣ ቱቦ ስላለ ነው መናገር ያቃተህ፣ ይወጣል» በሉት። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አታብዙ። «ከሰማኸኝ እጄን ጨበጥ አድርግ» ይበቃል።

መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሳንባው ክፉኛ ከተጎዳ ግን ሆን ብለው በደንብ ሊያስተኙት ይችላሉ። መቼ መቀነስ እንደሚጀምሩ ጠይቁ።

4. ከአቅሙ በላይ ሲታገል ተናገሩ

ጡንቻው ሥራ ሲፈታ እንደሚጎዳው ሁሉ ሲበዛበትም ይጎዳል፤ በኃይል መሳቡ ሳንባውንም ያቆስላል። የአንገቱ ጅማቶች ከተገተሩ፣ አፍንጫው ከተነፋ፣ ደረቱ ሲገባ ሆዱ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ደጋግሞ ከጮኸ ሲስተሯን ጥሩ። «ላስቸግራት ይሆን?» ማለት አያስፈልግም።

5. ራስጌው ከፍ ይበል፣ አፉ ይጠበቅ

አልጋው ከወገብ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል፤ ከሆድ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ለመመቻቸት ብላችሁ ዝቅ አታድርጉት። ጸበል ከፈቀዱላችሁ ግንባሩን ቀቡት፤ በአፉ ግን ጠብታም አይግባ። አጥሚትም እንዲሁ።

በሆዱ አስተኝተውት ብታገኙት አትደንግጡ። የሳንባው የጀርባ ክፍል እንዲከፈት ብለው ነው፤ በቀን 16 ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ፊቱ ያብጣል። ሲገለበጥ ቀስ እያለ ይጎድላል።

6. በየቀኑ «ዛሬ ይሞከራል?» በሉ

ሻል ሲለው የማሽኑን እገዛ ቀንሰው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ራሱ እንዲተነፍስ ያደርጋሉ። ከደከመው ይመልሱትና ምክንያቱን ፈልገው ነገ ይደግሙታል። አንዴ አልሆነም ማለት አበቃለት ማለት አይደለም።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ያስል፣ አክታውን ያውጣ። ድምፁ ለጥቂት ቀን ይጎረንናል። ሾርባውን ግን አታስቸኩሉ። በደንብ መዋጥ መቻሉን መጀመሪያ እነሱ ያዩታል።