የድሮ የስታዲየም ትኬት ሲገዙ በአልትራቫዮሌት መብራት ይፈትሹ

የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል (በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት እንጂ እግር ኳስ ያልሆነው) የቆየ የጨዋታ ፕሮግራም ወይም የመግቢያ ትኬት የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ እዩት። ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለይበት ዓይነት ትንሽ መብራት ይበቃል። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ፣ «እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

የወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀትን ይበልጥ የሚያነጣ ኬሚካል በስፋት መጨመር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አካባቢ ነው። ኬሚካሉ ዓይን የማያየውን ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። ከዚያ በፊት የተሠራው ወረቀት ግን ደብዝዞ፣ ወደ ክሬም ወይም ቡናማ አድልቶ ይታያል።

እኔ ይህን አጥብቄ የምመክረው እ.ኤ.አ. በ1942 እንደተካሄደው ሮዝ ቦውል (የኮሌጅ ፉትቦል ዓመታዊ ጨዋታ) ላሉ ብርቅ ጨዋታዎች ነው። ጃፓን በፐርል ሃርበር የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ላይ ካደረሰችው ጥቃት በኋላ ጨዋታው ከካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ወደ ሰሜን ካሮላይናዋ ደርሃም ተዛውሮ፣ የኦሪገን ስቴት ቡድን ባለሜዳውን የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 20 ለ 16 ረታ። የዚያን ቀን ስታዲየም የገባ ሰው በእጁ የያዘው ቁራጭ ወረቀት በቅጂ ሊተካ አይገባም።

ወረቀቱ አለማብራቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዛሬም ይህ ኬሚካል የሌለበት ወረቀት ይመረታል። ለጨርቅ ባንዲራና ለማልያም ፈተናው አያስተማምንም፤ በዘመናዊ የልብስ ሳሙና ከታጠበ እውነተኛው አሮጌ ጨርቅም ያበራል። ጨረሩ ቀለም ስለሚያደበዝዝ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታብሩበት።