ለላንድክሩዘር ቱርቦ ስትጨምሩ የአየር ቱቦውን እንዲህ ዘርጉት

የላንድክሩዘር ዋን ኤችዚ ሞተር 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ ቢመኙለት አይገርምም።

ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ቱርቦውንም የአየር ማጣሪያውንም በየቦታቸው እሰሩ። ኮፈኑ መዘጋቱንም እዩ።

ከማጣሪያው እስከ ቱርቦው ያለው ክፍል አየር ይስባል። ስስ ጎማ ከሆነ ነዳጅ ሲረገጥ ይጨማደድና ሞተሩን ያፍነዋል። ስለዚህ ብረት ቱቦ ይሁን። ማጣሪያው ቦዲው ላይ፣ ቱርቦው ሞተሩ ላይ ነው፤ ሞተር ደግሞ ይወዛወዛል። መሃል ላይ ወፍራም የሲሊኮን ማኒኮቶ (ተጣጣፊ ማያያዣ ቱቦ) አስገቡ። እኔ አጥብቄ የምለው ይሄን ክፍል ነው፤ እዚህ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አቧራውን ቀጥታ ቱርቦው ውስጥ ትከተዋለች። አቧራ መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ ማኒኮቶውን ፈታችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። የዘይት እርጥበት ትንሽ ቢኖር ችግር የለም። አፈር ከያዘ ግን ቱቦው በቀዳዳ አቧራ እየሳበ ነው፤ መኪናውን አታንቀሳቅሱት።

ከቱርቦው ወደ ሞተሩ ያለው ግን በግፊት ነው የሚሠራው። የቱቦው ጫፍ ዙሪያውን ጉብ ያለ ይሁን። ልሙጥ ከሆነ ፋሸታው (ማኒኮቶውን ቱቦው ላይ የሚያስረው ቀለበት) የቱንም ያህል ቢጠብቅ ማኒኮቶው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከጭስ ማውጫው አርቁት፤ ቦታ ከጠበበ በመሃል ቆርቆሮ ጋርዱ። የብየዳ ፍርፋሪ ውስጡ እንዳይቀር አደራ፣ ከመግጠማችሁ በፊት አጽዱት። መጨረሻ ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ረዳት ሰው ነዳጅ እየረገጠ፣ የዚህን የግፊት ክፍል መገጣጠሚያዎች የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ የሠራበትን እንደገና አጥብቁ።