አዋሽ ዳር በፓምፕ የምታለሙ፣ ነሐሴ ሳይገባ ይቺን አንብቡ

የኛ የአዋሽ ዳር ሰዎች ትልቁ ስህተት የራሳችንን ሰማይ ማየታችን ነው። ወንጂ ላይ ፀሐይ ወጥቶ እያለ ውሃው ከች ይላል፣ ለምን ዝናቡ የዘነበው ላይ ጊንጪና በቾ ነዋ፣ ያ ሁሉ ቆቃ ይጠራቀማል፣ ቆቃ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ያለቀ ግድብ ነው ደለሉ ብዙ ቦታ ይዞበታል፣ ሲሞላ በሩ ይከፈታል በቃ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይኛው አገር የሚኖር ሰው ስልክ ያዙ፣ በየሁለት ቀኑ ደውሉ። ከቀበሌ "ውሃ ሊለቀቅ ነው" ሲባልም "አምናም ብለው ነበር" ብላችሁ አትተኙ። እኔ ወንዙ ዳር እንጨት ተክዬ በየስንዝሩ ቀለም ቀብቼበታለሁ፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ስንዝር ከጨመረ ፓምፑን ፈትቼ ጋሪ ላይ ነው።

ፓምፑ ከሰጠመባችሁ ደግሞ በእናታችሁ ቶሎ አታስነሱት!! እኔ አንዴ ጭቃውን አጥቤ ቸኩዬ ላስነሳው ስል ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ነበር፣ ቢዬላው፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ተጣመመ፣ የዘር መግዣዬን ጋራዥ በላው። መጀመሪያ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ፍቱና በእጅ አሽከርክሩት፣ ውሃውን ይትፋ። ዘይቱን እዩት፣ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይሩ፣ ናፍጣውንም ድፉት።

ሽንኩርቱ ሊደርስ ትንሽ ከቀረው ንቀሉት፣ ዋጋው ቢወርድም ውሃ ከተኛበት በስብሶ ነው የሚቀረው።

ሱቅ ያላችሁም አለላችሁ። ስኳር ፋብሪካው ክረምት ለጥገና ስለሚቆም "ጎርፉ እሱን ምን ያደርገዋል" ይባላል፣ ግን ሸንኮራው ውሃ ተኝቶበት ቦዩ በደለል ከተደፈነ የበጋው ሥራ ይጓተታል፣ የቀን ሠራተኛው ደሞዝ ሳያገኝ ዱቤው ደብተራችሁ ላይ ይከርማል። ጎርፍ ባየንበት ዓመት ዱቤ ቀነስ አድርጉ፣ ሰው ቢቀየምም።

ታች አፋር ያላችሁ ወገኖች በነሐሴ 2012 አይታችሁታል፣ ያው አዋሽ ነው በአስር ሺዎች ያፈናቀለው፣ እናንተ ጋ ከብቱን ቀድሞ ወደ ከፍታ ማውጣት ይቀድማል። የይዞታ ደብተርና መታወቂያ በሁለት ፌስታል ቋጥሩ፣ ፎቶውንም ቴሌግራም ላይ ለዘመድ ላኩት። ውሃው ሲሸሽ የጉድጓድ ውሃ ሳታፈሉ ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ሳትጨምሩ አትጠጡ፣ አጎበሩንም አውጡት፣ መስከረም ላይ ወባዋ ትመጣለች።