የግምጃ ቤት ሰነድ እንዴት ቶከን ይሆናል?

የቡና ነጋዴ ቶከንን ለመረዳት ብዙም አይቸገርም። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ እጅ የሚቀይረው ጆንያው ሳይሆን የመጋዘን ደረሰኙ ነው። ቡናው ካለበት ሳይነቃነቅ ባለቤቱ ይቀየራል። ቶከንም ብሎክቼን ላይ፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት ዲጂታል መዝገብ ላይ፣ የተመዘገበ ደረሰኝ ነው በሉት። አሠራሩን በአሜሪካ መንግሥት የአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ገንዘብ ሲበደር በሚሰጠው ሰነድ፣ እንየው።

መጀመሪያ ሰነዶቹን በስሙ የሚይዝ ፈንድ (የብዙ ባለሀብቶች ገንዘብ የሚሰበሰብበት ተቋም) ይቋቋማል። ከዚያ ቶከን የያዘ ሰው ምን መብት እንዳለው በውል ይጻፋል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጠበቃም አትቆጥቡ። ቶከኑ ድርሻ ነው ወይስ ብድር? ፈንዱ ቢከስር ንብረቱ ለማን ይደርሳል? ይህ ካልተጻፈ በእጃችሁ ያለው ቡና የሌለበት ደረሰኝ ነው።

ቀጥሎ መጋዘኑ ይመረጣል፣ ማለትም ንብረቱን የሚጠብቅ ሦስተኛ ወገን። የአሜሪካው የሀብት አስተዳዳሪ ኩባንያ ብላክሮክ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢተሪየም በተባለው ብሎክቼን ላይ ላወጣው ቢውድል ለተባለው ፈንድ ይህን ሥራ የሰጠው ቢኤንዋይ ሜለን ለተባለው ባንክ ነው። የባለድርሻዎቹን መዝገብ የሚይዘው ደግሞ ሴኩሪታይዝ የተባለው ኩባንያ ነው።

ቶከኑን የሚያሠራው የኮምፒውተር ኮድ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ያን ያህል የሚወራለት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኢአርሲ-20 በተባለው የኢተሪየም ደረጃ (የጋራ የአሠራር ደንብ) የተሠራ ተራ ቶከን ለማንም ይላካል። የፋይናንስ ሰነድ ግን ማንነቱ ላልተጣራ ሰው ሊተላለፍ አይገባም። ስለዚህ እንደ ኢአርሲ-3643 ያለ፣ ከማስተላለፉ በፊት የተቀባዩን ማንነት የሚያጣራ ደረጃ ምረጡ። የዋሌቱ (የዲጂታል ቦርሳው) የምስጢር ቁልፍ ለጠፋበት ሰውም ቶከኑን በአዲስ ዋሌት መተካት ይቻላል።

አሁን ሽያጭ ነው። ገንዘብ ሲገባ ሰነድ ይገዛል፣ በልኩ ቶከን ይፈጠራል። ባለቤቱ ገንዘቡን ሲያስመልስ ቶከኑ ይሰረዛል። የቢውድል አንዱ ቶከን 1 ዶላር እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ትርፉም በየወሩ አዲስ ቶከን ሆኖ ዋሌት ውስጥ ይገባል። ሲጀመር ዝቅተኛው መግቢያ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለኔ ቢጤ አልታሰበም ማለት ነው!

ለገዢ ከመክፈታችሁ በፊት ገንዘብ ማስመለሱን ራሳችሁ ሞክሩት። በተለይ ቅዳሜ። ብሎክቼኑ እሑድም አይተኛም፤ የሰነዱ ገበያ ግን ይዘጋል። ለዚያ ክፍተት መጠባበቂያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቢውድል ላይ ሰርክል የተባለው ኩባንያ ቶከኑን ተቀብሎ በማንኛውም ሰዓት ዩኤስዲሲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር የተቆራኘ ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚሰጥ ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼን ላይ ራሱ የሚፈጽም ኮድ) አዘጋጅቷል።